«ሆርሞኑ የበዛ እንቅርት ካንሰር አይሆንም» ይባላል፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ልቤ እየመታ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ክብደቴም እየቀነሰ ስቸገር ታክሜ «ግሬቭስ» የሚባል የታይሮይድ በሽታ ነው ተባልኩ። ሆርሞኑን የሚቀንሰውን ሜቲማዞል እየወሰድኩ ደህና ሆኛለሁ። በቅርቡ አልትራሳውንድ ስነሳ በግራ በኩል 1.8 ሳንቲሜትር የሆነ ኖዱል (ዕጢው ውስጥ ያለ እብጠት) ተገኘ። ውስጡ ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች እንዳሉት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። በዚያው ጎን አንገቴ ላይ የማያም ንፍፊት አለኝ። አንድ ባለሙያ «ሆርሞኑ የበዛ እንቅርት ካንሰር አይሆንም፤ ንፍፊቱ የዕጢ ቲቢ ይመስላል፣ መድኃኒት ጀምሪ» አለኝ። ናሙና ይወሰድልኝ ስል ቤተሰቦቼ «መርፌ ከነካው ይዛመታል» ብለው ከለከሉኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ «በሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ይቃጠልና ይገላገሉት» ይላል። ማንን ልስማ?

ምላሽ፦ ለጊዜው ሦስቱንም አይስሙ። መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ፤ ከኖዱሉም፣ ከንፍፊቱም። የቲቢው መድኃኒት፣ አዮዲኑ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ሁሉም ከዚያ ውጤት በኋላ የሚመጣ ነው።

የታይሮይድ ሕመም ሲያጋጥም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ዕጢው ምን ያህል ሆርሞን ያመነጫል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይህ እብጠት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የደም ምርመራ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቲኤስኤች (ዕጢውን የሚያዘው ሆርሞን) ዝቅ፣ ቲ3 እና ቲ4 (ዕጢው የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች) ከፍ ማለታቸው ስለ ኖዱሉ ማንነት ምንም አይነግረንም። ሐኪሙም ታካሚውም ሆርሞኑን በማስተካከል ሲጠመዱ ሁለተኛው ጥያቄ ተረስቶ ይቀራል። እርስዎም ላይ የሆነው ይኸው ይመስለኛል።

የተነገረዎት ነገር ግን ከሜዳ ተነስቶ የተባለ አይደለም። ግማሽ እውነት አለው። ቲኤስኤቹ ዝቅ ያለ ሰው ኖዱል ሲገኝበት የታይሮይድ ስካን ይታዘዝለታል። ትንሽ ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ይሰጠውና የትኛው የዕጢው ክፍል እንደሚስበው ይታያል። ከሌላው የዕጢ ክፍል በላይ የሚስብ ኖዱል «ትኩስ»፣ የማይስብ «ቀዝቃዛ» ይባላል። ትኩስ ኖዱል ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መርፌ አያስፈልገውም። ስህተቱ የሚመጣው ስለ ኖዱሉ የተባለው ወደ ሰውየው ሲዛወር ነው። ግሬቭስ ያለበት ሰው ዕጢው በሞላ ሆርሞን ያመነጫል። በመሐሉ የተቀመጠው ኖዱል ግን ምንም የማያመነጭ፣ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ደግሞ ስካን ተነስቼ ነበር አላሉም። ትኩስ መሆኑ ሳይታወቅ ትኩስ ነው ተብሎ ታልፏል ማለት ነው።

ሌላም መከራከሪያ ይቀርባል። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሕዋሳትን የሚያሳድግ ነው፤ እሱ ከጠፋ ካንሰርም አያድግም ይባላል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞችም ይህን ያምኑ ነበር። ግሬቭስ ላይ ግን አይሠራም። በዚህ በሽታ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል አለ። ቲኤስኤች በሚቀመጥበት መቀበያ ላይ ይቀመጥና ዕጢውን ያለ እረፍት ያሠራዋል። በሌላ ሰው ቁልፍ ቤት እንደሚከፈተው ማለት ነው፤ ባለቤቱ ቲኤስኤች ባይኖርም በሩ ክፍት ነው። የካንሰሩ ሕዋሳት ላይ ያው መቀበያ ካለ እነሱንም ሊያነቃ ይችላል። በዚህ ምክንያት ግሬቭስ ባለበት ሰው ላይ የሚነሳ ካንሰር የባሰ ኃይለኛ ነው የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ልዩነት የለውም የሚሉም አሉ። ይጠብቃል ብሎ መዝናናት ግን አይቻልም። (ጀርመን አገር የታከመ ዘመድ «ባዜዶ» አለብኝ ቢልዎት ያው ግሬቭስ ነው።)

በአጠቃላይ የታይሮይድ ኖዱል ካላቸው ሰዎች ካንሰር የሚገኝባቸው ከመቶ ከ7 እስከ 15 የሚሆኑት ናቸው። አብዛኛው ኖዱል ጉዳት የለውም ማለት ነው። ግሬቭስ መኖሩ ግን ይህን ቁጥር አይቀንሰውም። የእርስዎን ነገር የሚያከብደው ሌላ ነው። ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች ከሚያጠራጥሩ የአልትራሳውንድ ምልክቶች ዋነኛው ናቸው። መጠኑ ከ1 ሳንቲሜትር አልፏል። በዚያው ጎን ንፍፊት አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ «እንከታተለው» የሚባል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ንፍፊቱ። የዕጢ ቲቢ፣ ማለትም ንፍፊት የሚያሳብጠው ቲቢ፣ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። ባለሙያው ቲቢን ማሰቡ ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው ያለ ናሙና መጀመሩ ነው። ፓፒላሪ የሚባለውና ከታይሮይድ ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ዓይነት ገና በጊዜ ወደ አንገት ንፍፊቶች መሄድ ይወዳል። አንዳንዴ ዋናው ኖዱል ገና በእጅ ሳይታወቅ ንፍፊቱ ቀድሞ ይታያል። አያምም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል። ከዚያ ላይ ክብደት መቀነስና ላብ ሲጨመር ታሪኩ ቁርጥ ቲቢ ይመስላል። ክብደቱንም ላቡንም ያመጣው ግን የበዛው ሆርሞን ሊሆን ይችላል። ሦስት በሽታዎች አንድ ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም። የቲቢ ሕክምና ቢያንስ ስድስት ወር ነው። ንፍፊቱ ካንሰር ከሆነ ያ ስድስት ወር በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ከታይሮይድ ካንሰር የመጣ ንፍፊት አንዳንዴ ውስጡ ፈሳሽ ይቋጥራል። መርፌ ሲገባ ቡናማ ፈሳሽ ይወጣል፤ ሕዋስ አይገኝበትም። ወረቀቱ «ውሃ የቋጠረ እብጠት» ይልና ሰውየው ተደስቶ ይሄዳል። ይህን የሚፈታ ቀላል ዘዴ አለ። ናሙናው የተወሰደበት መርፌ በሳላይን (በጨው ውሃ) ይታጠብና በእጣቢው ውስጥ ታይሮግሎቡሊን ይለካል። ይህ ፕሮቲን የሚሠራው በታይሮይድ ሕዋስ ብቻ ነው። በጎን አንገት ንፍፊት ውስጥ በብዛት ከተገኘ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በደም ውስጥ የሚለካው ታይሮግሎቡሊን ግን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለዚህ አይረዳም። ግሬቭስም፣ ተራ እንቅርትም ከፍ ያደርጉታልና። «የካንሰር ምርመራ» ተብሎ ቢታዘዝልዎት ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

ንፍፊት ብቻም አይደለም። ሆርሞኑ የበዛ ሰው ላይ ይህ ካንሰር ባልተጠበቀ መልክ የሚመጣባቸው ሌሎች መንገዶች አሉ። እርስዎን ባይመለከቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ላላቸው ልጥቀሳቸው። ፎሊኩላር የሚባለው ዓይነት በደም በኩል ወደ አጥንትና ወደ ሳንባ ይሄዳል። አዮዲን በሚያንስባቸው አካባቢዎች ድርሻው ከፍ ይላል፤ የእኛ ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ለዘመናት እንቅርት የበዛባቸው ናቸው። አንዲት እናት ለዓመታት ትልቅ እንቅርት ይዘው ኖረዋል እንበል። ልባቸው ይመታል፣ ይከሳሉ። ወገቤን ይላሉ። የበዛ ሆርሞን አጥንት እንደሚያሳሳ ስለሚታወቅ ወገባቸው በዚያ ይሳበባል፤ ማስታገሻ ይሰጣል። ሌሊት የሚብስ፣ አንድ ቦታ ላይ የቆመ፣ ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላም የማይለቅ የአጥንት ሕመም ግን ራጅ መነሳት አለበት። ራስ ቅል ላይ የሚወጣ ለስላሳ እብጠትም እንዲሁ ነው። «ስብ ነው» ተብሎ በትንሽ ክሊኒክ ሊቀደድ ይሞከራል። ከታይሮይድ የመጣ ከሆነ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ መድማቱ አደገኛ ነው።

ከዚህም የሚገርም አለ። ወደ አጥንት ወይም ወደ ሳንባ የሄደው ካንሰር ራሱ ሆርሞን የሚያመነጭበት ጊዜ አለ። ብዙ ሲከማች ሰውየውን ራሱ በሆርሞን ያጥለቀልቀዋል። ፍንጩ እንዲህ ነው፦ ታይሮይዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ሰውየው የሆርሞን ክኒን አልጀመረም፣ ቲ4 ግን አሁንም ከፍ ብሏል። ዕጢ በሌለበት ሆርሞን ከየት ይመጣል? ይህን ያየ ሐኪም ደረትና አጥንት ማየት አለበት።

በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ እንቅርቱ በሳምንታት ውስጥ ሲያድግ፣ ሲያም፣ ድምፅ ሲጎረንን፣ መዋጥ ሲያስቸግር ደግሞ ሌላ ነገር ይታሰባል። አናፕላስቲክ የሚባለው ኃይለኛ ካንሰር ዕጢውን እያፈረሰ የተከማቸውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። የደም ምርመራው የሆርሞን መብዛት ያሳያል። «የታይሮይድ ብግነት ነው» ተብሎ ብግነት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን ተሰጥቶ ሊታለፍ ይችላል። እዚህ ላይ መዘግየት ፈጽሞ አይቻልም። ዓይን መፍጠጥም ግሬቭስ ላይ የተለመደ ነው፤ ግን አንድ ዓይን ብቻ ሲፈጥ ከኋላው ሌላ ነገር አለመኖሩ በምስል መረጋገጥ አለበት። ልጆች ላይ ደግሞ ግሬቭስ ኖሮ ኖዱል ከተገኘ ጥርጣሬው ከአዋቂ ይበልጣል።

ስለ መርፌው። ቤተሰቦችዎ የሚሉት በየቤቱ የሚሰማ ነው። ፍርሃቱ የተወለደው ዘግይተው ከሚመጡ ሕመምተኞች ይመስለኛል። በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ይታከማሉ፣ ከዚያ ሲሞቱ ጥፋቱ መርፌው ላይ ይለጠፋል። ለታይሮይድ የምንጠቀመው መርፌ ደም ከሚቀዳበት የቀጠነ ነው። በእሱ ምክንያት ካንሰር መዛመቱ በጣም ብርቅ ነው፤ ሳይመረመር መቅረቱ ከሚያመጣው ጋር አይወዳደርም። ትንሽ ያማል፣ ሊበልዝ ይችላል፤ በቃ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ብቻ አስቀድመው ይናገሩ።

ምርመራው እንዲህ ይደረግ። አልትራሳውንዱ ዕጢውን ብቻ ሳይሆን የአንገትን ግራና ቀኝ ንፍፊቶች በሙሉ ያካትት። ናሙናው በአልትራሳውንድ እየታየ ይወሰድ። ከንፍፊቱ የሚወጣው ተከፍሎ ግማሹ ለፓቶሎጂ (ለሕዋስ ምርመራ)፣ ግማሹ ለጂን ኤክስፐርት (ለቲቢ ምርመራ) ይላክ። በአንድ መርፌ የቲቢውም የካንሰሩም ጥያቄ ይመለሳል። ሁለቱ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም አይርሱ። የታይሮግሎቡሊን እጣቢ የሚሠራ ላቦራቶሪ ካገኙ ይጨመር። የመላኪያው ወረቀት ላይ «ግሬቭስ አለባት፣ ሜቲማዞል ትወስዳለች» ተብሎ ይጻፍ። ይህች መስመር ትንሽ ትመስላለች። የበዛ ሆርሞንም መድኃኒቱም ሕዋሳቱን መልካቸውን ይለውጧቸዋል፤ ፓቶሎጂስቱ ካላወቀ ጤነኛውን ካንሰር ሊለው ይችላል።

የናሙናው ውጤት ከአንድ እስከ ስድስት በደረጃ ይጻፋል። አንድ ማለት ሕዋሱ አልበቃም ማለት ነው፤ «ነፃ ነኝ» ማለት አይደለም፣ ይደገማል። ሁለት ጤነኛ ነው። ስድስት ካንሰር ነው። አስቸጋሪዎቹ ሦስትና አራት ናቸው። በተለይ ፎሊኩላርን መርፌ ቆርጦ መለየት አይችልም። እሱ የሚታወቀው ሽፋኑን ወይም የደም ሥሩን ጥሶ መውጣቱ ሲታይ ነው፤ ያም ወጥቶ በሙሉ ሲመረመር ብቻ ነው። አልትራሳውንዱ እንዲህ እያጠራጠረ ናሙናው «ጤነኛ» ቢል ደግሞ አንድ ጊዜ ተብሏል ብዬ አልተወውም። አስደግመዋለሁ።

ወንድምዎ ያሉት ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ለግሬቭስ ጥሩ ሕክምና ነው። ያጠራጠረ ኖዱል ባለበት ግን አይሰጥም። ለሆርሞን የሚሰጠው መጠን ካንሰር ለማጥፋት የታሰበ አይደለም። ቀዝቃዛ ኖዱል ደግሞ እንደ ጤነኛው ዕጢ አዮዲኑን አይስብም። ጤነኛው ተቃጥሎ የተጠረጠረው ይተርፋል። በኋላ ናሙና ቢወሰድም ጨረሩ የሕዋሳቱን መልክ ስለሚያዛባ ለማንበብ ያስቸግራል።

ናሙናው ካንሰር ነው ካለ ምክሬ አንድ ነው፤ ዕጢው በሙሉ ይውጣ። ንፍፊቱም ተረጋግጦ ከሆነ በዚያው ቀዶ ሕክምና የዚያ ጎን ንፍፊቶች አብረው ይወገዱ። ግሬቭሱም በዚያው ያልቃል። ግማሹን ብቻ አውጥቶ ውጤት መጠበቅ እርስዎ ላይ አይመከርም። ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ በጠባሳ መሐል ስለሆነ የድምፅ ነርቭ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ዘወትር የሚሠራ ሐኪም ይፈልጉ፤ «በዓመት ስንት ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን ያለ ድርድር ነው። ሆርሞኑ ሳይስተካከል ቢላ አይነሳም። ያልተስተካከለ ሰው ሲቀደድ የሆርሞን ማዕበል ሊነሳና ሊገድል ይችላል። ደህና ሆኛለሁ ማለትዎ ጥሩ ነው፣ ግን በደም ይረጋገጥ። መታየት ያለባቸው ቲ4 እና ቲ3 ናቸው። ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል እሱን ብቻ እያዩ ቀጠሮ ማራዘም አያስፈልግም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን የሉጎል አዮዲን ይሰጣል፤ የዕጢውን የደም ፍሰት ይቀንሳል። ይህ በሐኪም ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። «እንቅርት በአዮዲን ማነስ ነው» ብሎ ራስዎ ጠብታ መጀመር በሽታውን ሊያቀጣጥለው ይችላል። የወጥ ቤትዎን አዮዲን ያለው ጨው ግን አይተዉ። ሲቲ ስካን ቢታዘዝልዎትም በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም አዮዲን የበዛበት ስለሆነ ግሬቭስ እንዳለብዎት ይናገሩ። በመሐል ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ሜቲማዞሉን አቁመው በዚያው ቀን የነጭ ደም ሕዋስ ቆጠራ ያሠሩ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ሕዋሱን ክፉኛ ያወርደዋል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከንፈር ዙሪያና ጣት ላይ ውርር ካለ ካልሲየም ወርዷል ማለት ነውና ወዲያው ይናገሩ። የዕጢውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የዕድሜ ልክ ክኒን ይሆናል። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስም ከቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። የጠዋት ቡና ክኒኑ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ «መድኃኒቱ አልሠራ አለ» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው እዚህ ጋ ነው። ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ካስፈለገ ተራው ያኔ ነው፤ ለካንሰሩ በሚስማማ መጠን። ከእሱ በፊት የእርግዝና ምርመራ ግድ ነው። ከወሰዱ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ማርገዝ አይቻልም።

ነገሩ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ ተስፋው ብዙ ነው። ፓፒላሪ ሆኖ፣ ዕድሜ ከ55 በታች ሆኖ፣ ወደ ሩቅ አካል ካልሄደ፣ ንፍፊት ውስጥ ቢገባም እንኳ የካንሰሩ ደረጃ የመጀመሪያው፣ ማለትም ደረጃ 1 ነው። ይህን ደረጃ ግን እንደ ፈቃድ ወስዶ አንድ ዓመት መቆየት አይገባም።

ውጤቱ ቲቢ ብቻ ነው ካለ ደግሞ የቲቢ መድኃኒቱን ያለ ማመንታት ይጀምሩ፤ የኖዱሉ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይቀጥላል። ሲጀምሩ ሜቲማዞል እንደሚወስዱ ለቲቢ ክፍሉ ይንገሩ። ሁለቱም ጉበት ላይ ስለሚጫኑ የጉበት ምርመራ ከመጀመርዎ በፊትም በኋላም ያስፈልግዎታል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ። ታይሮይድዎ ወጥቶ ሌቮታይሮክሲን እየወሰዱ ከሆነም ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የሆርሞኑን መጠን ስለሚያወርደው ክኒኑ መጨመር ሊኖርበት ይችላል፤ የቲቢ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት ቲኤስኤች ይለካ።